የፉጨት ዜማን በስልክ ቀርጾ ዘፈን ውስጥ ማስገባት፦ ከከንፈር አያያዝ እስከ ሚክስ

ቤታቸው ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሳፏጭ ያምራል፣ ስቀርጸው ግን ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ለምን?» ሌሎች ደግሞ ዜማው ከፍ ሲል ይሰነጠቅብኛል፣ ዝቅ ሲል ይጠፋብኛል ይላሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ፉጨታቸው አይደለም። ወይ ማይኩ ትንፋሻቸው በሚወጣበት መንገድ ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ የዘፈኑ ኪ (ዘፈኑ የተመሠረተበት የቃና ከፍታ) ለዘፋኙ እንጂ ለፉጨቱ አልተመረጠም። ሁለቱም ያለ ውድ ዕቃ ይስተካከላሉ።

መመሪያው ለከንፈር ፉጨት ብቻ ነው። ጣት አፍ ውስጥ ተከቶ የሚፏጨው ሰው ለመጥራት እንጂ ዜማ ለመጫወት አይመችም፤ ድምፁም ለስልክ ማይክ እጅግ ኃይለኛ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ። ኮንደንሰር ማይክና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ዕቃ) ካላችሁ የተሻለ ነው፣ ከሌላችሁም ስልኩ ይበቃል።
- ባለ ገመድ ኤርፎን። ብሉቱዝ ድምፁን ዘግይቶ ስለሚያደርስ ከማጀቢያው ኋላ ትቀራላችሁ።
- ሄርዝ (የቃና ከፍታ መለኪያ፣ በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት) የሚያሳይ የቱነር (ቃና የሚለካ) መተግበሪያ። ለጊታር ብቻ የተሠራው የፉጨትን ከፍታ ላያነብ ስለሚችል «ክሮማቲክ» የሚለውን ምረጡ።
- መቅረጫ ሶፍትዌር፦ ስልክ ላይ ባንድላብ ወይም ጋራዥባንድ፣ ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ።
- መስታወት፣ አንድ ሶፍት፣ ለብ ያለ ውሃ።
- ሁለት ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ።
- ስልኩን የሚያቆም ነገር። የተደራረቡ መጻሕፍት ይሆናሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ በሉ

ጭንቅላታችሁን ቀለል ካላችሁ ወይም ዓይናችሁ ብዥ ካለ ወዲያው አቁሙና ተቀመጡ። በተከታታይ ብዙ አየር ስታስወጡ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ማዞሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ሠርታችሁ አምስት ደቂቃ እረፉ።

የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ከንፈር እስኪድን ይረፍ። በበጋ፣ በተለይ በደጋው አካባቢ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ማታ ከንፈራችሁን ቫዝሊን ቀቡ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ግን በደንብ ጥረጉት፤ ከንፈር ሲንሸራተት ቀዳዳው ቅርጹን አይይዝም። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልታችሁ ወዲያው ለመቅረጽ አትቀመጡ። የተቃጠለ ከንፈር ያብጣል፣ ያበጠ ከንፈር ደግሞ ቃናውን ሳይታወቃችሁ ይቀይርባችኋል።

ደረጃ 1፦ ድምፁን አጥሩ

«ኡ» እንደምትሉ ከንፈራችሁን አሹሉ። የምትቀረው ቀዳዳ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥ። የምላሳችሁን ጫፍ ከታችኛው ጥርሳችሁ ጀርባ በቀስታ አሳርፉና ትንሽ አየር ብቻ ልቀቁ።

አሁን መስታወት ፊት ቆማችሁ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ቃና ተንሸራተቱ። ከንፈራችሁ ብዙ መንቀሳቀስ የለበትም። ቃናውን በዋናነት የሚወስነው አፍ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ስፋት ነው። ምላስ «ኢ» ወደሚባልበት ቦታ ወደ ፊት ሲሄድ ቦታው ይጠብና ቃናው ይወጣል፤ «ኡ» ወደሚባልበት ሲመለስ ይሰፋና ይወርዳል። ይህን ያልተረዳ ሰው ከፍ ያለ ቃና ሲፈልግ በኃይል ይነፋል። ኃይሉ ግን ቃናውን አያወጣውም፣ ሹክሹክታውን ነው የሚጨምረው።

ትንፋሻችሁን ለመመዘን ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው የሶፍት ቁራጭ ቀዳችሁ በሁለት ጣቶቻችሁ ጫፉን ይዛችሁ ከከንፈራችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አንጠልጥሉት። ስታፏጩ ሶፍቱ ወደ ፊት ተገፍቶ ከተዘረጋ አየሩ በዝቷል። ዝቅተኛው ጠርዙ ትንሽ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ፉጨቱ ጥርት ብሎ ከተሰማ ልኩ ያ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ፤ እዚህ ያልተቀነሰ ትንፋሽ በኋላ ኮምፒውተር ላይ በንጽህና አይወጣም።

ደረጃ 2፦ ክልላችሁን ለኩ

ቱነሩን ክፈቱ። አራት ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥ የምትይዙትን ዝቅተኛ ቃናና ከፍተኛ ቃና ፈልጋችሁ የሁለቱንም ሄርዝ ጻፉ። ለአንድ አፍታ ነክታችሁት የሚያመልጣችሁን አትቁጠሩት፣ ዘፈን ውስጥም ያመልጣችኋልና። የከንፈር ፉጨት በአብዛኛው ከ500 እስከ 4000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይውላል፤ የእናንተ ምቹ ክልል ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ነው።

ደረጃ 3፦ ኪውን ለፉጨቱ ምረጡ

ወንድ ዘፋኝ 220 ሄርዝ ላይ የሚዘፍነውን ኤ የተባለ ቃና እናንተ ስታፏጩት 880 ሄርዝ ላይ ይወጣል፤ ያው ቃና ነው፣ ግን ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ (አንድ ኦክታቭ ሲወጣ ሄርዙ እጥፍ ይሆናል)። ስለዚህ ለዘፋኙ የተመቸው ኪ ለእናንተ የሚመችበት ምክንያት የለም።

ምሳሌ እንውሰድ። ምቹ ክልላችሁ ከ780 እስከ 2350 ሄርዝ ነው እንበል። ይህ ከጂ (784 ሄርዝ) እስከ ሁለተኛው ኦክታቭ ዲ (2349 ሄርዝ) ድረስ ነው፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ተኩል ያህል። ልታፏጩት የፈለጋችሁት ዜማ ዝቅተኛ ቃናው ኢ ከሆነ ከክልላችሁ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዷል (ግማሽ ድምፅ ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ርቀት ነው)። ማጀቢያውን ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉት፤ በኪቦርድ የተሠራ ከሆነ ትራንስፖዝ ቁልፉን ሦስት ጊዜ መጫን ነው፣ ክራር ከሆነ መቃኘት ያስፈልጋል። ከፍ ካደረጋችሁት በኋላ የዜማው ጫፍም ከዲ እንዳያልፍ አረጋግጡ።

ዘፈኑ ተዘፍኖ ካለቀ ግን ያለቀውን ፋይል በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ አታድርጉ። ከሁለት ግማሽ ድምፅ ካለፈ የዘፋኙ ድምፅ ባሕርይ ይለወጣል። ከዜማው ለክልላችሁ የሚመቸውን ሐረግ ብቻ መርጣችሁ እሱን አፏጩ። አንድ የአዝማች ሐረግ በደንብ ከተፏጨ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ በቅኝቱ ተለማመዱ

ፉጨት እንደ ማሲንቆ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ ከቃና ወደ ቃና በመንሸራተት ነው የሚሄደው። በዚህ ምክንያት ሰፊ ርቀት ያላቸው ቅኝቶች ይቀላሉ፣ ግማሽ ድምፅ ያለባቸው ይከብዳሉ። ሁሉንም ከሲ ጀምራችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ትዝታ (ሜጀር)፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ግማሽ ድምፅ የለበትም፣ ለመጀመር የሚመቸው እሱ ነው።
2. ባቲ (ሜጀር)፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ከሲ ወደ ኢ ስትዘሉ መካከል ላይ ዲ እንዳይሰማ ተጠንቀቁ።
3. አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ በግማሽ ድምፅ የወረደ)፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ከሲ ወደ ዲ ፍላት የምላስ እንቅስቃሴዋ በጣም ትንሽ ናት፤ ብዙ ሰው አብዝቶ ይገፋና ዲ ላይ ያርፋል።
4. አንቺ ሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ጠባብ ደረጃና ሰፊ ዝላይ ስለሚፈራረቁበት የመጨረሻው ይሁን።

መጀመሪያ በኪቦርድ ወይም በክራር ቃናውን ስሙ፣ ቀጥሎ አፏጩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቱነሩን ተመልከቱ። ዓይናችሁን ቱነሩ ላይ ተክላችሁ የምትለማመዱ ከሆነ ጆሯችሁ አይሠለጥንም፤ ቀረጻ ላይ ደግሞ የሚያድናችሁ ጆሯችሁ ነው። የፉጨት ድምፅ ከሞላ ጎደል አንድ ነጠላ ቃና ስለሆነ፣ በማሲንቆ ወይም በሰው ድምፅ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ስሕተት እዚህ ይጋለጣል።

ደረጃ 5፦ ቃናዎቹን ለያዩ፣ ትንፋሹን መድቡ

ተመሳሳይ ቃና ሁለት ጊዜ ሲደጋገም ወይም ሩቅ ዝላይ ሲኖር ድምፁን መቁረጥ ያስፈልጋል። በምላስ አትቁረጡት፤ ምላስ ከተንቀሳቀሰ ቃናው አብሮ ይንቀሳቀሳል። «ኧ-ኧ» ብለን እንቢ ስንል መካከል ላይ ጉሮሯችን የሚዘጋው ነገር አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ድምፅ ሳታወጡ ጉሮሯችሁን ለቅጽበት ዘግታችሁ ስትለቁት ፉጨቱ በንጽህና ይቆረጣል፣ ምላስና ከንፈርም ቦታቸውን አይለቁም።

ዜማውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የምትተነፍሱበትን ቦታ አስምሩበት። ወደ ውስጥ እየሳቡ ማፏጨትም ይቻላል፤ በሁለት ሐረግ መካከል ለምትገባ አጭር ቃና ይጠቅማል። ነገር ግን ወደ ውስጥ ሲሳብ ቃናው ትንሽ ስለሚለወጥ ረጅም ቃና ላይ አታድርጉት።

መንቀጥቀጥ (ቪብራቶ) ከፈለጋችሁ ቃናውን መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ምላሳችሁን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ። ከመጀመሪያው ካንቀጠቀጣችሁት ሰሚው የትኛው ቃና እንደሆነ አይለይም።

ደረጃ 6፦ ክፍሉን አዘጋጁ

1000 ሄርዝ ላይ ያለ ድምፅ አንዱ ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 2000 ሄርዝ ላይ ደግሞ ግማሹ። ባዶ ግድግዳ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ከአፋችሁ ከወጣው ጋር እየተገናኘ አንዳንዱን ቃና ያጎላል፣ አንዳንዱን ያጠፋል። «ዜማው መካከል ላይ ይጠፋብኛል» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ጭንቅላታችሁን አንድ ስንዝር ብታንቀሳቅሱ እንኳ የሚጎላው ቃና ይቀየራል።

አንዱን ጋቢ ከስልኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ከእናንተ ጀርባ ስቀሉ። በልብስ የተሞላ ቁምሳጥን ካለ በሩን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስታፏጩ ደስ ይላል፣ እዚያ ግን አትቅረጹ፤ አንዴ የተቀረጸ የክፍል ማስተጋባት አይወጣም።

ደረጃ 7፦ ስልኩን ከትንፋሹ መንገድ አውጡት

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚለውጠው ይህ ነው።

1. የስልኩ ማይክ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ እወቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ነው። ከቨሩ ከሸፈነው አውልቁት።
2. ሶፍቷን ይዛችሁ እያፏጫችሁ ከፊታችሁ ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሷት። የምትንቀጠቀጥበት አቅጣጫ የአየሩ መንገድ ነው። የብዙ ሰው አየር ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ትንሽ ወደ ታች ወይም ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ ለዚህ ነው በግምት ማስቀመጥ የማይሠራው።
3. ሶፍቷ ጨርሶ የማትነቃነቅበትን ቦታ ፈልጉ። ለብዙ ሰው ይህ በአፍንጫ ከፍታ፣ ወደ ጎን ዞር ብሎ ነው። ስልኩን እዚያ፣ ከአፋችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙ።
4. ወለሉ ላይ እግራችሁ የቆመበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ በየቅጂው እዚያው ቁሙ።

ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል፣ አየሩ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ማይኩን ከአየሩ ብታርቁት ከፉጨቱ የሚጎድል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ደረጃ 8፦ መቅረጫውን አስተካክሉ

ለድምፅ መልእክትና ለስልክ ጥሪ በተሠራ መተግበሪያ አትቅረጹ። እነዚህ የሰው ንግግር እንዲሰማ ሌላውን የሚቀንሱ ናቸው፤ የተዘረጋ ነጠላ ቃና ሲሰሙ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ሊያጠፉት ይችላሉ። ሌላ መቅረጫ ውስጥም «ኖይዝ ሪዳክሽን» ወይም «ቮይስ ኢንሃንስ» የሚል ነገር ካለ አጥፉት። ፋይሉ ዋቭ (WAV) ይሁን፣ 48000 ሄርዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት።

ከፍተኛውን ቃናችሁን አፏጩና መለኪያውን ተመልከቱ፤ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይቁም። ፉጨት ሲወጣ ድንገት ይጮሃል፤ ቀዩን ከነካ የሚሰማው መሰንጠቅ ሚክስ ላይ አይጠገንም።

ደረጃ 9፦ ቅረጹ

ኤርፎኑን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ፣ ሌላኛውን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ ደረታችሁ ላይ ከተንጠለጠለ የክሊኩን (የምት መጠበቂያውን) ድምፅ ማይኩ ይሰማዋል። ባዶው ጆሯችሁ ደግሞ ራሳችሁን እንድትሰሙ ነው፤ ሁለቱም ከተደፈኑ ቃናው ይዛባል። ማጀቢያውን ዝቅ አድርጉ፣ ብዙ ነገር የያዘ ከሆነም ቤዙንና ክራሩን ወይም ኪቦርዱን ብቻ አስቀሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ጸጥታ ቅረጹ፤ በኋላ የማቀዝቀዣ ድምፅ ለመቀነስ ኦዳሲቲ ናሙና አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ ዜማውን ሙሉውን ሦስት አራት ጊዜ ቅረጹ። በየሐረጉ እየቆማችሁ ብትቀጣጥሉት በየቁራጩ የትንፋሹ መጠን ይለያያል። በየሁለት ቅጂው ከንፈራችሁን በውሃ አርጥቡ።

ደረጃ 10፦ ሚክስ

- ሎው ካት (ዝቅተኛ ድምፅ መቁረጫ) 300 ሄርዝ ላይ። የፉጨቱ ቃና ከ500 በታች እምብዛም ስለማይወርድ ከዚያ በታች ያለው የመኪና፣ የወለልና የትንፋሽ ጉርምርምታ ነው። ያለ ስጋት ቁረጡት።
- ከፍተኛውን ድምፅ አትጨምሩ። «ጥርት እንዲል» ብላችሁ ከ6000 ሄርዝ በላይ ብትጨምሩ የሚጎላው ሹክሹክታው ብቻ ነው፤ ዜማው እዚያ የለም። እንዲያውም በትንሹ ቀንሱት።
- ትንፋሹን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። በሐረጎች መካከል ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጉት እንጂ አትቁረጡት። ሲጠፋ ፉጨቱ የኮምፒውተር ድምፅ ይመስላል።
- ሪቨርብ (በሶፍትዌር የሚጨመር ማስተጋባት)። ፉጨት ከሰው ድምፅ የበለጠ ይሸከማል፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ጥሩ መነሻ ነው።
- የቃና ማስተካከያ። ብዙዎቹ ለዘፋኝ የተሠሩ ናቸው፤ የድምፅ ዓይነት ሲጠይቃችሁ «ኢንስትሩመንት» የሚለውን ምረጡ። የተሳሳተች አንዲት ቃና ላይ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ሁሉም ላይ ከሆነ መንሸራተቱን ይገድለዋል።

ስለ መደረብ ብዙ ስለምጠየቅ ለብቻው ልንገራችሁ። ሁለት ቅጂ ግራና ቀኝ አድርጎ መደረብ ለዘፈን ድምፅ ይሠራል፣ ለፉጨት ግን አደገኛ ነው። ሁለት ንጹሕ ቃናዎች በትንሹ ከተለያዩ በልዩነታቸው መጠን ድምፁ ይንጠራወዛል፤ 1500 ሄርዝ ላይ የአምስት ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ልዩነት በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል የሚመታ መርገብገብ ይፈጥራል። ማወፈር ከፈለጋችሁ ያንኑ ዜማ በክራር ወይም ለስላሳ በሆነ የኪቦርድ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጋችሁ ከሥሩ አስገቡ።

ደረጃ 11፦ ዘፈኑ ውስጥ ቦታ ስጡት

ፉጨት ሰው እየዘፈነ ከገባ ሁለቱም ይሻማሉ፤ ጆሮ ወደ ከፍተኛው ንጹሕ ቃና ስለሚሳብ ግጥሙ ይጠፋል። ሦስት የሚሠሩ ቦታዎች አሉ። መግቢያ ላይ፣ የጀርመኑ ስኮርፒየንስ ባንድ ዘፋኝ ክላውስ ማይነ በ1990 እ.ኤ.አ. አልበማቸው ላይ እንዳደረገው። መዝጊያ ላይ፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ በ1967 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቀረጸው ዘፈን ቃሉ አልቆ ፉጨቱ ብቻውን እየራቀ እንደሚሄደው። ሦስተኛው ዋናውን ዜማ ሙሉ በሙሉ ለፉጨቱ መስጠት ነው፤ ጣልያናዊው አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ለሙዚቃ ደራሲው ኤኒዮ ሞሪኮኔ የፊልም ሙዚቃዎች ያፏጨውን ስሙ፣ ማጀቢያው እንዴት እንደሚሳሳለት ልብ በሉ። ለመጀመሪያ ሥራ መዝጊያውን እመርጥላችኋለሁ፤ ከግጥም ጋር አይጋጭም፣ ቀስ እያለ ስለሚጠፋም የመጨረሻ ቃናችሁ ቢደክም አያስታውቅም።

የሌላ ሰው ዜማ ከሆነ ግጥሙ ስለሌለ ነጻ ነው ብላችሁ አታውጡት። ዜማውም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው፤ ፈቃድ ጠይቁ።

መድረክ ላይ ከሆነ

ማይኩን አፋችሁ ላይ አትደግኑት። አገጫችሁ ላይ አስጠግታችሁ አየሩ ከላዩ እንዲያልፍ አድርጉ፣ ወይም ወደ ጉንጫችሁ አዙሩት። ሳውንድ ቼክ ላይ ለድምፅ ባለሙያው እንደምታፏጩ ንገሩትና ከፍተኛዋን ቃና አሰሙት፤ ፉጨት የሚውልበት ክልል ሞኒተሮች (ወደ እናንተ የዞሩት ስፒከሮች) በቀላሉ «ፊድባክ» (ጆሮ የሚወጋ ጩኸት) የሚያደርጉበት ስለሆነ አስቀድሞ ቢቀንሰው ይሻላል። ከመድረክ ጀርባ ውሃ ያዙ፤ ሰው ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የሚደርቀው ከንፈር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

- *ድምፁ ሲሳሳ በኃይል መንፋት።* ከንፈሩ ደርቋል ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። አርጥቡት፣ አጥብቡት፣ አየሩን ቀንሱ።
- *ፈገግ ማለት።* ከንፈር ይዘረጋል፣ ፉጨቱ ወዲያው ይቆማል። ሰው እያየ የሚያስቃችሁ ከሆነ ፊታችሁን ወደ ጋቢው አዙሩ።
- *ከሩቅ ቀርጾ በኋላ ማጉላት።* ከፉጨቱ ጋር ክፍሉም ይጎላል። 30 ሴንቲ ሜትሩን ጠብቁ።
- *ከታች ተነሥቶ ወደ ቃናው መንሸራተት።* አንድ ቦታ ላይ ያምራል፣ በየቃናው ሲሆን ግን ዜማው የዛለ ይመስላል። ከመጀመራችሁ በፊት ምላሳችሁን ቦታው ላይ አስቀምጡ፣ ቀጥሎ ጉሮሯችሁን ክፈቱ።
- *በደከመ ከንፈር መቀጠል።* ከፍተኛው ቃና ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካመለጣችሁ የዚያን ቀን ቀረጻ ዝጉና በማግስቱ ቀጥሉ። ስልኩና ጋቢው በነበሩበት ይቆዩ፤ ቦታቸው ከተቀየረ የትናንቱና የዛሬው ቅጂ አይገጥሙም።